በአድራሻው መስመር ላይ መረጃ ማስተላለፍ፦ ለጅማ ጀማሪዎች ጥያቄና መልስ

ጅማ ውስጥ ድረ ገጽ መሥራት ለጀመራችሁ ልጆች፣ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች እነሆ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የበርጩማ መሸጫ ገጽ እየሠራሁ ነው። ደንበኛው የመረጠውን ወደ ማዘዣው ገጽ እንዴት ላድርስ?

መልስ፦ ከአድራሻው መጨረሻ የጥያቄ ምልክት አድርግ፤ ከዚያ ስምና እሴት አስከትል፦ ማዘዣ?ዕቃ=በርጩማ&ብዛት=2። ጥንዶቹን & ይለያቸዋል። ተቀባዩ ገጽ በጃቫስክሪፕቱ «ዩአርኤል ሰርች ፓራምስ» (URLSearchParams) በሚባል መሣሪያ ያነባቸዋል።

ጥያቄ፦ በብዛቱ 2 ላይ 1 ብደምር 21 ሆነብኝ።

መልስ፦ ከአድራሻ የሚመጣው ሁሉ ጽሑፍ ነው። አስቀድመህ ወደ ቁጥር ለውጠው።

ጥያቄ፦ «ጅማ» ብዬ የጻፍኩበትን አድራሻ ስቀዳው በመቶኛ ምልክት ተሞላ። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም፣ እህቴ። የአድራሻ ደንብ የሚፈቅደው የላቲን ፊደላትን፣ አኃዞችንና ጥቂት ምልክቶችን ብቻ ነው። የእኛ እያንዳንዱ ፊደል ፊደላት በኮምፒውተር በሚጻፉበት ሥርዓት፣ በዩቲኤፍ-8፣ 3 ባይት ይይዛል፤ አንዱ ባይት ደግሞ በመቶኛ ምልክትና በሁለት አኃዞች ወይም የላቲን ፊደላት ይጻፋል። ስለዚህ ሁለቱ የ«ጅማ» ፊደላት 18 ምልክት ይሆናሉ፤ ተቀባዩም መልሶ ይፈታቸዋል። አደጋው በእጅ መገጣጠም ላይ ነው። የዕቃው ስም «ቡና&ማር» ቢሆን «ቡና» ብቻ ይደርሳል፣ ማሩ መንገድ ላይ ይቀራል። እሴቱን ሁልጊዜ «ኢንኮድ ዩአርአይ ኮምፖነንት» (encodeURIComponent) በሚባለው የጃቫስክሪፕት ተግባር አሳልፊው።

ጥያቄ፦ ዋጋውንም አብሬ ልላከው?

መልስ፦ በፍጹም! ለአንድ ነጋዴ በሠራሁት ገጽ ዋጋውን በአድራሻው አስቀምጬ ነበር። አንድ ገዢ 900ውን 9 አድርጎ አዘዘ፤ ገጹም ተቀበለው። የሰው ላብ ነውና እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አድራሻውን ማንም ሰው ሊለውጠው ይችላል። የዕቃውን መለያ ብቻ ላክ፤ ዋጋውን ሰርቨሩ ከራሱ መዝገብ ያውጣ። የመጣውን ጽሑፍም እንዳለ ገጹ ውስጥ አትክተተው፤ ክፉ ሰው በዚያ በኩል የራሱን ኮድ ያስገባል።

ጥያቄ፦ ግንኙነቱ በኤችቲቲፒኤስ ከተመሰጠረስ የይለፍ ቃል መላክ ይቻላል?

መልስ፦ ምስጠራው የሚጠብቀው መንገድ ላይ ነው። አድራሻው በብሮውዘሩ ታሪክና በሰርቨሩ መዝገብ ተጽፎ ይቀራል። በኢንተርኔት ካፌ ከአንተ በኋላ የሚቀመጠውን ሰው አስብ። ምስጢር በፖስት (POST) ቅጽ ይላካል፤ ይህ ቅጽ መረጃውን በአድራሻው ላይ አይጽፈውም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ለፍለጋ ቃል፣ ለማጣሪያ፣ ለገጽ ቁጥር። ጓደኛህ ሊንኩን ሲከፍት አንተ ያየኸውን ያያል፤ ይህን የሚተካ ነገር አላገኘሁም።

ጥያቄ፦ ከ# ምልክት በኋላ ብጽፈውስ?

መልስ፦ ያ ክፍል ወደ ሰርቨር አይሄድም፤ ብሮውዘሩ ዘንድ ይቀራል። ሰርቨሩ እንዲያነበው ከፈለግህ ከ# በፊት አስቀምጠው።