ያው አይሪስ እሷ ጋር ሁለቴ፣ አንቺ ጋር አንዴ

ሰላም እህቴ። እኔም ከዓመታት በፊት ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ስዞር ስለነበር ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ያልሽው እንዲህ ነው፦ ባለጺም አይሪስሽን፣ ያን አበባው ላይ ጺም የመሰለ ጸጉር ያለውን የአበባ ተክል፣ የሰጠችሽ ሌላ ከተማ የምትኖር ጓደኛሽ ናት። እሷ ጋር በዓመት ሁለቴ ያብባል። አንቺ ጋር ግን ሦስት ዓመት ሆነው፣ የሚያብበው አንዴ ብቻ ነው። ጥፋቱ የተክሉ ነው ወይስ የአየሩ?

ጓደኛሽ ከራሷ ተክል ገምሳ ሰጥታሽ ከሆነ፣ ሁለታችሁም ጋር ያለው አንድ ተክል ነው። አይሪስ ከራይዞሙ፣ ማለትም መሬት ላይ ተጋድሞ ከሚያድገው ወፍራም ግንድ፣ ተቆርጦ ሲባዛ ጂኑ አይለወጥም። የእሷ መድገም ከቻለ ያንቺም ይችላል። ስለዚህ ተክሉን አትጠርጥሪው። ምናልባት የሚያጠራጥረው አንድ ነገር ቢኖር ዘር ነው። አበባው ፍሬ ይዞ ዘሩ እዚያው ከወደቀ፣ የሚበቅለው ሌላ ተክል ነው፤ እናቱን ላይመስል ይችላል። እኔ አበባው እንደጠወለገ ፍሬውን ቆርጬ የምጥለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የአይሪስ አንዱ ቡቃያ በዕድሜው የሚያብበው አንዴ ብቻ ነው። አበባውን ከሰጠ በኋላ ሥራው ልጆቹን ማሳደግ ነው። ቀጣዩን አበባ የሚሰጡት ከጎኑ የሚወጡት ልጆች ናቸው። በተራው አይሪስ እነዚህ ልጆች ቢያድጉም አበባ ለመቋጠር ቅዝቃዜ ይጠብቃሉ። የቅዝቃዜው ወራት ካላለፈ አያብቡም። ደጋሚው አይሪስ፣ ማለትም በዓመት ከአንዴ በላይ የሚያብበው፣ ግን ቅዝቃዜውን አይጠብቅም። ልጁ በቂ ቅጠል አውጥቶ ከጠነከረ፣ በዚያው ዓመት እንቡጥ ይቋጥራል። ጂኑ የሰጠው ነገር ይሄ ነው፤ ፍጥነትና ቅዝቃዜን ያለመጠበቅ። ልጁ እስኪጠነክር የሚያስፈልገውን ጊዜ፣ ሙቀትና ውሃ ግን ጂን አይሰጥም።

እኔ የተሳሳትኩት ውሃው ላይ ነበር። «አይሪስ ድርቅ ይወዳል» ሲባል ሰምቼ፣ የመጀመሪያው አበባ እንዳለቀ ውሃ አቆም ነበር። ለተራው አይሪስ ይህ ልክ ነው። በሙቀቱ ወራት እንቅልፍ ብጤ ይወስደዋል፤ አትቀስቅሺው። ደጋሚው ግን ያን ጊዜ ነው ልጆቹን የሚያሳድገው። ውሃ ሲያጣ እሱም ይተኛል፣ ሲነቃ ደግሞ ጊዜው አልፏል። አንድ ዓመት «ኢሞርታሊቲ» የተባለውን ነጩን ዝርያ ሁለት ቦታ ተከልኩ፤ አንዱን እያጠጣሁ፣ ሌላውን እንደልማዴ እየተውኩ። የጠጣው የውርጩ ወቅት ከመግባቱ በፊት ሦስት የአበባ አገዳ አወጣ። ያልጠጣው ምንም። ልብ በይ፣ አንድ ግቢ፣ አንድ አየር፣ አንድ ጂን ነው።

ስታጠጪ ግን ጥልቅ አድርገሽ አጠጪና አፈሩ ከላይ እስኪደርቅ ጠብቂ። የራይዞሙ ጀርባ ፀሐይ ይምታው እንጂ አፈር አትከምሪበት። ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነ በባክቴሪያ ይበሰብሳል፣ ሽታውም ከሩቅ ይታወቃል። ማዳበሪያ ላይ ናይትሮጅን የበዛበትን አልመክርሽም። ቅጠሉ ያምርና አበባው ይጠፋል፣ ለብስባሴም ይጋለጣል። እኔ ናይትሮጅኑ አነስተኛ የሆነውን ሁለት ጊዜ እሰጣለሁ፦ ቅዝቃዜው አልፎ ማደግ ሲጀምርና የመጀመሪያው አበባ እንዳለቀ። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

አየሩ ላይ ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። ሰው ሁሉ የሚያስበው ቅዝቃዜውን ነው። እኔ ግን የቅዝቃዜው ብርታት ብቻውን ብዙ አይናገርም ባይ ነኝ። የአትክልተኞች የአየር ዞን ቁጥር የሚነግርሽ የዓመቱ ዝቅተኛ ሙቀት በአማካይ ስንት እንደሆነ ነው። ተክሉ በቅዝቃዜው ይሞታል ወይስ አይሞትም ለሚለው ይጠቅማል። የሙቀቱ ወቅት ስንት ወር እንደሚቆይ ግን አይነግርሽም። ለዳግም አበባ ደግሞ ወሳኙ እሱ ነው። ሁለት ከተማ አንድ ዞን ውስጥ ሆነው፣ አንዱ ጋር ውርጭ ከሌላው አንድ ወር ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። ያች አንድ ወር አንቺ ጋር እንቡጡን ትገድላለች፣ ጓደኛሽ ጋር ደግሞ ታስከፍተዋለች። እኔ ጋር አንዴ አገዳው ወጥቶ፣ እንቡጡ ቀለም አሳይቶ፣ ነገ ይከፈታል ስል በአንድ ሌሊት ውርጭ ቀልጦ ቀረ። በጣም አዘንኩ። ግን አንድ ነገር አወቅኩ፤ ተክሉ መድገም አላቃተውም፣ ያጠረው ጊዜ ነው። አንቺም አገዳው ወጥቶ ሳይከፈት ሲቀርና ጭራሽ ሳይወጣ ሲቀር ችግሩ የተለያየ ስለሆነ፣ ያንቺ የትኛው እንደሆነ ለይተሽ እይ።

ሙቀቱም ራሱ ሁለት ስለት አለው። ልክ የሆነ ሙቀት እድገቱን ያፈጥናል። ቀዝቃዛና ደመናማ በሆነ የሙቀት ወቅት ልጆቹ ቶሎ አይጠነክሩም፣ ሁለተኛው አበባም ይዘገያል። በጣም ሲሞቅ ደግሞ፣ በተለይ ሌሊቱም ካልበረደ፣ ተክሉ እድገቱን ያቆማል። አየሩ ቀለል እስኪል ይጠብቃል።

«ደጋሚ» የሚለው ስም ራሱ ብዙ ሰው ያሳስታል፣ ምክንያቱም አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዱ አበባውን እንደጨረሰ ረጅም እረፍት ወስዶ ውርጩ ሲቃረብ ይደግማል። አንዳንዱ በወቅቱ ውስጥ እዚህም እዚያም አገዳ ይሰጣል፣ ወሩን መገመት አይቻልም። ሌላው ደግሞ ቀለል ያለ ቅዝቃዜ ባለበት አገር፣ ለምሳሌ በካሊፎርኒያ የባህር ዳርቻ፣ በቅዝቃዜው ወራት ሳይቀር ያብባል። ይህን የመጨረሻውን ውርጭ የሚጠነክርበት ቦታ ብትወስጂው አንዴ ብቻ አብቦ ይቀራል። ሻጩ ዋሽቶ ላይሆን ይችላል፤ ያየው የራሱን አየር ነው። ስለዚህ «ይደግማል?» ብለሽ ብቻ አትጠይቂ። «የት አገር፣ በየትኛው ወር ደገመ?» በይ።

«ኢሞርታሊቲ» ሰው ሁሉ የሚወደው ቀዝቃዛ ቦታም ስለሚደግም ነው። ያዳቀለው ሎይድ ዙርብሪግ ነው፣ የተመዘገበው በ1982 እ.ኤ.አ.። ሰውየው ዕድሜውን ለደጋሚ አይሪስ የሰጠ ነበር። የሙቀት ወቅትሽ አጭር ከሆነ ደግሞ የእሱን ድንክ አይሪስ «ቤቢ ብለስድ»ን ተመልከቺ። ድንኮቹ አገዳቸው አጭር ስለሆነና ቀድመው ስለሚያብቡ ጊዜ ያተርፋሉ። እኔ በግሌ አየሩ ለሚያጣድፈው ሰው ከረጃጅሞቹ በፊት ድንኮቹን ነው የምመክረው።

ጂኑ እንዴት እንደሚወረስም ጠይቀሻል። ይሄ የምወደው ርዕስ ነው። አንድ ጊዜ ደጋሚውን ከማይደግም ቆንጆ ሐምራዊ አይሪስ ጋር አዳቀልኩ። ዘሩን ዘርቼ እስኪያብብ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ጠበቅኩ። አንዱም አልደገመም። ያኔ አዳቃዮች የሚሉት ገባኝ፦ ዳግም ማበብ በአብዛኛው ድብቅ ባሕርይ ነው፤ ከሁለቱም ወላጅ ካልመጣ አይገለጥም። በዚያ ላይ የዛሬዎቹ ረጃጅም ባለጺም አይሪሶች ከእያንዳንዱ ጂን 2 ሳይሆን 4 ቅጂ አላቸው። ለማስላት እንዲቀለን አንድ ድብቅ ጂን ብቻ ነው እንበል። ባለ 2 ቅጂ ተክል ቢሆን፣ የመጀመሪያዎቹን ልጆች እርስ በርስ ስናዳቅል ከ4 አንዱ ይደግም ነበር። ባለ 4 ቅጂው ላይ ግን ከ36 አንዱ ነው። ልጁን ወደ ደጋሚው ወላጅ መልሰሽ ብታዳቅይው ከ6 አንዱ ይሆናል። በእውነቱ ደግሞ ከአንድ በላይ ጂን ስለሚሳተፍ ዕድሉ ከዚህም ይጠብባል። እኔም መልሼ አዳቀልኩ። ከበቀሉት ውስጥ ሁለቱ ደገሙ። አንዷ አበባዋ ያን ያህል አያምርም፣ ግን ልጥላት አልቻልኩም።

ወደ ያንቺ ልመለስ። ሦስት ዓመት ሆኖታል ብትይም፣ በመካከሉ ነቅለሽ ሌላ ቦታ ተክለሽው እንደሆነ አልጻፍሽም። አይሪስ ተነቅሎ ሲተከል ይደነግጣል፤ ሥር እስኪሰድ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ሁለት፣ ሳይደግም ሊቀር ይችላል። በየዓመቱ ቦታ እየቀየርሽለት ከሆነ ተይው። በሌላ በኩል ደጋሚዎች ቶሎ ቶሎ ስለሚወልዱ ይጨናነቃሉ። ሦስት ዓመት ሲሞላው ቆፍረሽ ገምሺው፣ የመጀመሪያው አበባ እንዳለቀ። ቦታው ቢያንስ በቀን 6 ሰዓት ፀሐይ ያግኝ። ግድግዳ ሥር፣ ፀሐይ በሚመታው በኩል ብትተክይው ውርጩ ጥቂት ቀን ይዘገይልሻል።

ዘንድሮ አገዳው ወጥቶ ውርጭ ይመጣል ከተባለ፣ ቀለም ያሳየውን አገዳ ማታውኑ ቆርጠሽ ቤት ውስጥ ውሃ ውስጥ አቁሚው። እንቡጦቹ አንድ በአንድ ይከፈታሉ። እስከዚያው የዝርያውን ስም፣ የመጀመሪያው አበባ ያለቀበትን ቀንና አምና ውርጭ የጀመረበትን ቀን ጻፊልኝ። የጓደኛሽንም ጠይቂልኝ። በመካከል ያሉትን ቀናት አብረን እንቁጠር።