የድሮ የማሚ ፊልም ምኑ ይወደዳል ላልከው

«የ1999ኙን ዘ ማሚ ወድጄዋለሁ፤ ጥቁርና ነጭ የሆኑት የድሮዎቹ ፊልሞች ግን ምናቸው ይወደዳል? ከየት ልጀምር?» ላልከው ወንድሜ። እኔም በዚያው በር ነው የገባሁት። ማሚ ማለት በፋሻ ተጠቅልሎ የደረቀ የጥንት ግብፅ አስከሬን ነው፤ በፊልሞቹ ነፍስ ዘርቶ ይነሳል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

1. በ1932ቱ ጀምር፣ ቦሪስ ካርሎፍ ማሚውን ሆኖ በሚሠራበት። ፋሻ የለበሰ ጭራቅ ሰው ሲያሯሩጥ ልይ ካልክ ግን ትበሳጫለህ። ፋሻውን የምታየው መጀመሪያ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ነው። ለዚያች ደቂቃ ሜካፕ ሠሪው ጃክ ፒርስ ለስምንት ሰዓት ያህል ለፍቶበታል! አስከሬኑ ዓይኑን ቀስ ብሎ ይገልጣል። እጁ ንቅንቅ ይላል። ከዚያ አታየውም። አንድ እጅ መጥቶ ማሚውን የቀሰቀሰውን የጥንት ጽሑፍ ጥቅልል ከጠረጴዛው ይወስዳል፤ የፋሻ ጫፍ ወለሉ ላይ እየተጎተተ በበሩ ይወጣል። ወጣቱ ተመራማሪ በሳቅ ያብዳል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ያ ሳቅ ነው። ዳይሬክተሩ ካርል ፍሩንድ ሜትሮፖሊስ የተባለውን ዝነኛ ድምፅ አልባ የጀርመን ፊልም በካሜራ ከቀረጹት አንዱ ነው፤ ምን መደበቅ እንዳለበት ያውቅበታል።

2. ቅጂውን ከፍተህ ሳታይ ብር እንዳትሰጥ። አንድ ሻጭ «ኦሪጅናል ነው፣ ጥራቱ አንደኛ» ብሎ ሸጠልኝ። ቤት ስከፍተው ምስሉ ሰፊውን ቲቪ እንዲሞላ ተለጥጧል። የካርሎፍ ቀጭን ፊት ድፎ ዳቦ አክሏል! ልመልስ ስሄድ ሰው ፊት «የድሮ ፊልም እንዲህ ነው፣ ካልገባህ አትይ» አለኝ። ለእኔ! ብሬንም አልመለሰም። የዚያ ዘመን ምስል ወደ ካሬ ይጠጋል። ግራና ቀኙ ጥቁር ካልሆነ ወይ ተለጥጧል ወይ ከላይና ከታች ተቆርጧል። ዛሬ ጓደኞቼ ሳያማክሩኝ ዲስክ አይገዙም።

3. በ1940ዎቹ የወጡት ስለ ሌላ ማሚ ናቸው፤ ካሪስ ይባላል። አይናገርም፣ እግሩን እየጎተተ ይመጣል። የ1942ቱ ሲጀምር የቀደመውን ፊልም ቁራጭ መልሶ ያሳይሃል፤ እሱን እለፈው። የ1959ኙ በቀለም ነው። ክሪስቶፈር ሊ ፋሻ ውስጥ ሆኖ በዓይኑ ብቻ የሚሠራው ትወና ግን አያምልጥህ።

4. ይሄ ምክር አይደለም። የጥንቱ የግብፅ ንጉሥ የቱታንካሙን መቃብር የተገኘው በ1922 ነው። በዓመቱ የቁፋሮውን ወጪ የሸፈነው እንግሊዛዊ ሎርድ ካርናርቮን ሲሞት ጋዜጣው ሁሉ ስለ እርግማን አወራ። የ1932ቱን ስክሪፕት የጻፈው ጆን ባልደርስተን ራሱ ስለ መቃብሩ የዘገበ ጋዜጠኛ ነበር። ፈረንጁ እርግማኑን ፈርቶ ይሆናል። እኔ ግን በ1868 ከመቅደላ ምን ተጭኖ እንደሄደ እያወቅኩ ከቆፋሪዎቹ ጋር ልወግን? ማሚው እኮ መቃብሩ ውስጥ ተኝቶ ነበር! በዚያ ላይ የሚፈልገው የጥንት ፍቅረኛውን ነው። ክፉ ነው፣ ይገድላል፤ ግን ያሳዝነኛል። በ1999ኙ ላይ እንዲህ ተሰምቶኝ አያውቅም።

በስልክ እንዳታየው። 73 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ማታ መብራት አጥፍተህ እየው። ከወደድከው ጻፍልኝ፣ የ1959ኙን ደህና ቅጂ ከየት እንዳገኘሁ እነግርሃለሁ።