አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው፤ ደረጃው ልጄን ይጎዳዋል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። የ27 ዓመት ሴት ነኝ፤ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ። የምንኖረው ጎተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለም። ባንክ ስለምሠራ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ እውላለሁ። አማቴ ሊያርሱኝ ከጎጃም ቀደም ብለው መጥተዋል። ደረጃውን ስወጣ ካዩኝ ይቆጣሉ። ልብስ ላሰጣ እጄን ሳነሳም «እትብቱ አንገቱ ላይ ይጠመጠማል» ይሉኛል። ድሮ ጠዋት ጠዋት ወክ አደርግ ነበር፤ ፈርቼ ተውኩት። አሁን ወገቤን ያመኛል፣ ማታ ማታ እግሬ ያብጣል። ክትትል የማደርግበት ጤና ጣቢያ ሁሉም ደህና ነው ብለውኛል። ምን ይመክሩኛል?
ባለ አራተኛ ፎቋ

መልስ፦ እህቴ፣ አስቀድሞ በሽልም ያውጣሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ እኔን ያሳሰበኝ ደረጃው ሳይሆን ወንበሩ ነው። ወገብሽንም እግርሽንም የሚያባብስብሽ ተቀምጦ መዋሉ ነው።

ክትትልሽ ደህና ከሆነ ደረጃውን ውጪ። መደገፊያውን ይዘሽ፣ ቀስ ብለሽ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ ካጠረሽ ቆም በይ፤ እርጉዝ ሴት ቶሎ ማለክለኳ ያለ ነው። እኔ የምፈራልሽ መውደቁን ነው። ሆድ ሲገፋ ሚዛን ይለወጣል፣ መገጣጠሚያም ይላላል። መብራት በጠፋበት ማታ ያለ ስልክሽ ባትሪ እንዳትወጪ። ተረከዝ ያለው ጫማም ለጊዜው ይቆይሽ።

ወክሽንም መልሺው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ የሚከለክላት ችግር የሌለባት ነፍሰ ጡር በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንድታደርግ ይመክራል። በአምስት ቀን ስትከፍይው በቀን ግማሽ ሰዓት ነው። አንቺ ስላቆምሽ በአሥር ደቂቃ ጀምሪና ጨምሪ። ልኩን በወሬ እወቂው፦ እየሄድሽ ማውራት ከቻልሽ ጥሩ ነው፣ ዘፈን ከወጣልሽ ትንሽ ፍጠኚ፣ ወሬው ከተቆራረጠብሽ ቀዝቀዝ በይ።

ይህ በእርግዝና የሚመጣውን ስኳርና የደም ግፊት የመያዝ ዕድልን ይቀንሳል፤ ክብደት ከልክ በላይ እንዳይጨምር ያግዛል። ያለ ቀኑ ምጥ ያመጣል የሚባለው ግን ጤነኛ እርግዝና ላይ እውነት አይደለም።

እኔ ራሴ በመጀመሪያ ልጄ ጊዜ አዋላጅ ሆኜ እንኳ እናቴን አላሸነፍኳትም። ተኚ ስትለኝ ተኛሁ። ሃያ ኪሎ ጨምሬ፣ ሰፈር ሱቅ ደርሼ ስመለስ አለከልክ ነበር። በሁለተኛው ግን ማታ ተረኛ ስለነበርኩ ከክፍል ክፍል ስል ነው ዘጠኝ ወሬን የጨረስኩት፤ ወገቤም ቀለለኝ፣ እንቅልፌም ተስተካከለ። ምጡም አጥሮልኛል፤ እሱን ግን በእንቅስቃሴው አላመካኝም፣ ሁለተኛ ልጅ በራሱ ይፈጥናል።

ሩጫ የምትወጂ ከሆነ ደግሞ ይህችን ስሚ። እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ እርጉዝ ሆናም ስትሮጥ ነበር፤ በወለደች በአሥር ወሯ የ2007 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። ሁለተኛ የወጣችው ጌጤ ዋሚም እናት ነበረች። አንቺ ማራቶን ሩጪ አላልኩም! ወኩ ይበቃሻል።

ባንክ ውስጥ በየሰዓቱ ተነሺ። መነሳት ካልተመቸሽ ከመስኮቱ ሥር ተረከዝሽን ከፍ ዝቅ አድርጊ፤ ባት ሲሠራ ደሙ ወደ ላይ ይመለሳል፣ እብጠቱም ይቀንሳል። በጀርባ ተኝቶ የሚሠራ ስፖርት ከአሁን በኋላ ይቅርብሽ፤ ማህፀኑ ትልቁን የደም ሥር ተጭኖ ያዞርሻል። ጠራራ ፀሐይ ላይም አትሂጂ፤ ውሃ ያዢ።

ደም ከታየሽ፣ ሽርት ውሃ ከፈሰሰሽ፣ ደረትሽን ካመመሽ፣ ሆድሽ እየመላለሰ ከቆረጠሽ፣ አንድ ባትሽ ብቻ አብጦ ካመመሽ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰብሽ እንቅስቃሴውን አቁመሽ ሐኪም ጋ ሂጂ። ፊትና እጅሽ አብጦ ራስሽን ከፈለጠሽ፣ ዓይንሽም ከደበዘዘብሽ ማደር የለም፤ ያ ግፊት ሊሆን ይችላል። የእንግዴ ልጁ ወደ ታች ወርዶ የማህፀን በር ላይ ያለባት፣ ደም የሚፈሳት፣ ግፊት ወይም ከባድ የደም ማነስ ያለባት ሴት ግን ይህን ምክር ትታ ሐኪሟን ትጠይቅ።

ስለ እትብቱ፣ ልብስሽን አስጪ። እትብት የሚጠመጠመው ልጁ ሽርት ውሃው ውስጥ ሲገለባበጥ ነው፤ ያንቺን እጅ አያይም።

አማትሽን ግን አትቀየሚያቸው። እሳቸው ያደጉበት አገር እርጉዝ ሴት እንስራ አዝላ ዳገት ትወጣ ነበር፤ «ተቀመጪ» ማለት እዚያ ትልቅ ደግነት ነው። በሸክሙ ደግሞ ልክ ናቸው። የውሃ ፈረቃ ተዛብቶ 20 ሊትር ጀሪካን አራተኛ ፎቅ የሚወጣ ከሆነ ባልሽ ይሸከም። አንቺ ምሽት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አማትሽን ይዘሽ ውጪ። ጉልበታቸው ከፈቀደ እሳቸውም ግማሽ ሰዓት አብረውሽ ይሂዱ፤ እግረ መንገዱንም እያወሩ ልኩን ያሳዩሻል።