ዩቡንቱን ካደስኩ በኋላ ራሴ ኮምፓይል ያረኩት ፕሮግራም እምቢ አለኝ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ። እኔ የድሮ ጋዜጣና በታይፕ የተመታ የአማርኛ ጽሁፍ ስካን እያረኩ ወደ ቴክስት እቀይራለሁ፣ ለዚህ ስራ የምጠቀመው ቴሰራክትን ነው። ዩቡንቱ ሊኑክስ 22.04 ላይ እያለሁ አፕት (የዩቡንቱ ፕሮግራም መጫኛ) የሚሰጠኝ 4.1.1ን ስለነበር ቴሰራክት 5ን ከነሌፕቶኒካው (አብሮት የሚሰራ የምስል ላይብረሪ) ሶርስ ኮዱን አውርጄ ራሴ ኮምፓይል አረኩት (ወደሚሰራ ፕሮግራም ቀየርኩት)፣ አሪፍ ሲሰራልኝ ከረመ። ወደ 24.04 አፕግሬድ ካረኩ ወዲህ ግን ገና ሳስነሳው "ሊብቲፍ.ኤስኦ.5 የሚባል ፋይል የለም" ብሎ ይዘጋል። እሺ ብዬ በአፕት አዲሱን ጫንኩ፣ ያው ራሱ ኤረር! ጓደኛዬ ደሞ "ሊብቲፍ 6 አለልሽ አይደል፣ ሲምሊንክ (ወደሱ የሚጠቁም ሾርትከት) ስሪና 5 ብለሽ ሰይሚው" ይለኛል። ልስማው ወይስ ፎርማት አድርጌ ልገላገል? (ከጎንደር)

መልስ፦ አትስሚው እህቴ፣ ፎርማትም አያስፈልግም።

መጀመሪያ ምን እንደሆነ እንይ። አንድ ፕሮግራም ኮምፓይል ሲደረግ የሚጠቀምባቸውን ላይብረሪዎች (ፕሮግራሞች የሚጋሯቸው የኮድ ፋይሎች) አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ አይጨምራቸውም፣ ስማቸውን ከነቁጥራቸው መዝግቦ ይይዝና በተነሳ ቁጥር ሲስተሙን "ይሄን አምጣልኝ" ይላል። አንቺ 22.04 ላይ ስትሰሪው ሲስተሙ ላይ የነበረው ሊብቲፍ (የቲፍ ምስል ማንበቢያው ላይብረሪ) 5 ነበር፣ 24.04 ላይ ያለው ደሞ 6 ነው። እንደውም ሊብቲፍን የሚፈልገው ቴሰራክት ራሱ ሳይሆን ምስሉን የሚያነብለት ሌፕቶኒካ ነው፣ አንቺ የሰራሽው ሌፕቶኒካ አሁንም 5ን እየጠራ ነው ማለት ነው። አፕግሬዱ ሲያልቅ "የማያስፈልጉ የድሮ ፓኬጆችን ላጥፋ?" ብሎ ይጠይቃል፣ ሁላችንም ሳናነብ ዋይ እንላለን፣ እዛ ላይ ነው ሊብቲፍ 5 የሄደው። አፕት በራሱ በኩል ጥፋት የለበትም፣ እሱ የሚያውቀው ራሱ የጫነውን ብቻ ነው፣ ዩኤስአር/ሎካል በሚባለው ፎልደር ውስጥ በሜክ ኢንስቶል (ኮምፓይል ያረግሽውን በሚጭነው ትዕዛዝ) ያስቀመጥሽው ለሱ የሰው ጓዳ ነው፣ አይገባበትም፣ የጎደለ ይኑር አይኑር አይጠይቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ በአፕት ከጫንሽው በኋላ ለምን ያው ኤረር መጣ? ብዙ ሰው የሚያብደው እዚህ ጋ ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው፣ አንዱ ላንዱ ይደርብበታል። ተርሚናል ላይ ቴሰራክት ብለሽ ስትጽፊ ሼሉ (ትዕዛዝሽን የሚቀበለው) መጀመሪያ የሚያየው ዩኤስአር/ሎካል/ቢንን ስለሆነ የሚነሳው ያንቺው የድሮው ነው፣ አዲሱ ዩኤስአር/ቢን ውስጥ ቁጭ ብሎ ተራውን ይጠብቃል። "እሺ እንግዲያው በሙሉ አድራሻው ልጥራው" ብትይም አይሆንም፣ ምክንያቱም ላይብረሪ የሚፈልገው ሎደርም ዩቡንቱ ላይ ዩኤስአር/ሎካል/ሊብን ያስቀድማል፣ እዛ ደሞ አንቺ የሰራሽው ሊብቴሰራክት.ኤስኦ.5 አለ፣ የአፕቱም ስሙ ልክ እንደዛው ሊብቴሰራክት.ኤስኦ.5 ነው፣ ስለዚህ አዲሱ ፕሮግራም ያንቺን የድሮ ላይብረሪ ያነሳል፣ እሱ የድሮውን ሌፕቶኒካ ይጠራል፣ ሌፕቶኒካው ሊብቲፍ 5ን ይጠራል፣ ሊብቲፍ 5 የለም። ካላመንሽኝ ኤልዲዲ ብለሽ የዩኤስአር/ቢኑን ቴሰራክት አድራሻ ስጪው፣ እያንዳንዱ ላይብረሪ ከየት እንደሚመጣ መስመር በመስመር ይዘረዝርልሻል፣ የጎደለው ጋ "ኖት ፋውንድ" ይላል።

የጓደኛሽ ሲምሊንክ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። የላይብረሪ ቁጥር ከ5 ወደ 6 የሚቀየረው ሰሪዎቹ "በድሮው የተሰራ ፕሮግራም ከዚህ ጋር ይስማማል ብዬ ቃል አልገባም" ሲሉ ነው። አንዳንዴ ይሰራል፣ አንዳንዴ በመሀል ይወድቃል፣ የሚያስጠላው ደሞ ሳይወድቅ የተበላሸ ነገር ሲያወጣ ነው፣ አንቺ ደሞ መቶ ገጽ ጋዜጣ ካስነበብሽው በኋላ ነው የምታውቂው። ከድሮው ዩቡንቱ የሊብቲፍ 5ን ዴብ (የዩቡንቱ መጫኛ ፋይል) አውርዶ መጫንም የሚመክሩሽ ይኖራሉ። እሱስ ይሰራል፣ ግን ቲፍ ፋይል የሚያነብ ላይብረሪ የሴኩሪቲ ቀዳዳ በየጊዜው የሚገኝበት አይነት ነው፣ 24.04 ላይ ደሞ ለዛ ለድሮው ማንም አፕዴት አይልክልሽም። ለአንድ ቀን አስቸኳይ ስራ ካልሆነ እኔ አልመክርም።

እኔ የምለው ምን መሰለሽ፣ እንደገና ኮምፓይል ከማድረግሽ በፊት ያኔ ለምን ኮምፓይል እንዳረግሽው አስቢ። 5ን ፈልገሽ ነው። 24.04 ደሞ በአፕት የሚሰጥሽ 5.3.4ን ነው! ምክንያቱ ቀርቷል ማለት ነው፣ ስለዚህ ስራሽ የድሮውን ማንሳት ብቻ ነው። ሶርሱን የፈታሽበት ፎልደር ካለ እዛ ገብተሽ ሱዶ ሜክ አንኢንስቶል በይ፣ ለቴሰራክትም ለሌፕቶኒካም ለየብቻ። ፎልደሩን አጥፍተሽው ከሆነ ያንኑ ቨርዥን መልሰሽ አውርጂና ኮንፊገር ካረግሽ በኋላ (ያኔ ፕሪፊክስ፣ ማለትም የሚጫንበትን ፎልደር፣ ሰጥተሽው ከነበረ ያንኑ ስጪው) ሜክ አንኢንስቶል በይ፣ እስከመጨረሻው ኮምፓይል ማድረግ አይጠበቅብሽም። በእጅ ማጥፋትም ይቻላል፣ ዩኤስአር/ሎካል/ቢን ውስጥ ያለውን ቴሰራክትና ዩኤስአር/ሎካል/ሊብ ውስጥ በሊብቴሰራክትና በሊብሌፕት የሚጀምሩትን ማለት ነው፣ ግን ኮከብ ምልክት (በዛ ስም የሚጀምሩትን ሁሉ የሚመርጠውን) ከሱዶ (የአድሚን ስልጣን) ጋር ስትጠቀሚ እባክሽ መጀመሪያ በኤልኤስ ዝርዝሩን እያየሽ። ከዛ ሱዶ ኤልዲኮንፊግ (ሎደሩ የላይብረሪ ዝርዝሩን እንዲያድስ)፣ ከዛ ተርሚናሉን ዘግተሽ ክፈቺው፣ አለዚያ ሼሉ የድሮውን አድራሻ አስታውሶ "እንዲህ የሚባል ፋይል የለም" ሊልሽ ይችላል።

አማርኛውን እንዳትረሺ፣ ቴሰራክት-ኦሲአር-ኤኤምኤች የሚለው ፓኬጅ ነው። ቴሰራክት --ሊስት-ላንግስ ስትዪ ኤኤምኤች ከወጣ አለ ማለት ነው። የአፕቱ ፈጣኑ ሞዴል ነው፣ አንቺ ያኔ ቤስት የሚባለውን አውርደሽ ዩኤስአር/ሎካል/ሼር/ቴስዳታ ውስጥ አስገብተሽ ከነበረ ያ ፋይል ምንም አልሆነም፣ ሆም ፎልደርሽ ውስጥ ኮፒ አርጊና በቴስዳታ-ዲር አድራሻውን ስጪው፣ ለደበዘዘ የድሮ ህትመት ቢዘገይም መሞከሩ አይከፋም። ባሽአርሲ በሚባለው የተርሚናል ማስተካከያ ፋይልሽ ውስጥ ቴስዳታ_ፕሪፊክስ የሚል መስመር ጽፈሽ ከሆነ ግን አጥፊው። እሱ ወደ ድሮው ፎልደር እየጠቆመ ከቀረ ቴሰራክቱ ይሰራና ፒዲኤፍ አውጣ ስትዪው "ፒዲኤፍ የሚለውን መክፈት አልቻልኩም" የሚል ግራ የሚያጋባ ነገር ያመጣል፣ አንኢንስቶሉ የኮንፊግ ፋይሎቹን ከዛ ስለሚያነሳቸው ነው።

የለም ከ5.3.4 የበለጠ አዲስ ነው የምፈልገው ካልሽ ኮምፓይል አርጊ፣ ግን የድሮውን መጀመሪያ አንሺ፣ ሌፕቶኒካን ደሞ ራስሽ አትስሪው፣ ሊብሌፕቶኒካ-ዴቭን በአፕት ጫኚና በሱ ላይ ስሪ፣ የምትሸከሚው ጣጣ በግማሽ ይቀንሳል። በድሮው ፎልደር ውስጥ ዝም ብለሽ ሜክ እንዳትዪ፣ የድሮው ኮንፊገር ውጤት እዛው ስላለ ግማሹን አዲስ ግማሹን የድሮ አርጎ ያያይዝልሻል። በአዲስ ፎልደር ፍቺው፣ ፕሪፊክሱንም ኦፕት በሚባለው ፎልደር ስር ለብቻው ስጪው፣ በሚቀጥለው አፕግሬድ አንዱን ፎልደር አጥፍተሽ ትገላገያለሽ።

ጥያቄ፦ የኔ ላፕቶፕ የራሱ ዋይፋይ ስለተበላሸ በዩኤስቢ የሚሰካ ዋይፋይ ነው የምጠቀመው፣ ቺፑ ሪልቴክ 8821ሲዩ ነው። ድራይቨሩን በእጄ ኮምፓይል አርጌ ነው ያስገባሁት። ዩቡንቱ ከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) ባደሰ ቁጥር ዋይፋዩ ይጠፋል፣ አሁን 24.04 ካረኩት በኋላ ጭራሽ ኮምፓይልም አልሆን አለ፣ የኤረር መዓት ነው የሚያወርደው። ኢንተርኔት ከሌለኝ ደሞ ምኑን አውርጄ ልሞክር? (ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ ኢንተርኔቱ ቀላል ነው፣ ስልክህን በኬብል ሰካና ዩኤስቢ ቴተሪንግ አብራ፣ ዩቡንቱ እንደ ገመድ ኔትወርክ ያየዋል፣ ምንም ድራይቨር አይጠይቅም። የኢንተርኔት ፓኬጅህን ግን ጠብቅ፣ ላፕቶፑ ሳትነግረው አፕዴት ማውረድ ይወዳል።

ያንተ ችግር ከላይኛው ይለያል። የከርነል ሞጁል (እንዳንተ ያለ ድራይቨር) ለአንድ ከርነል ቨርዥን ብቻ ነው የሚሰራው፣ የሚቀመጠውም በዛ ቨርዥን ስም በተሰየመ ፎልደር ውስጥ ነው፣ አዲስ ከርነል ሲመጣ የራሱን ፎልደር ያያል፣ ያንተ ሞጁል እዛ የለም። ለዚህ ነው በየአፕዴቱ የሚጠፋው። ኮምፓይል አልሆን ያለህ ደሞ 22.04 የወጣው በከርነል 5.15 ስለሆነ፣ 24.04 በ6.8፣ በመሀል የከርነሉ የውስጥ ፋንክሽኖች ስለተቀየሩ የድሮው ሶርስ አይገጥምም። ኤረሩን አንድ በአንድ ለመጠገን አትሞክር፣ እድሜህን ይበላዋል።

ጥሩው ወሬ ግን 8821ሲዩ ከከርነል 6.2 ጀምሮ ከርነሉ ውስጥ አርቲደብሊው88 በሚባለው ድራይቨር መደገፉ ነው። ማለትም ያንተ ዋይፋይ አሁን ያለምንም ኮምፓይል መስራት ነበረበት! ታዲያ ለምን አልሰራም? እነዚህ በእጅ የሚጫኑ ድራይቨሮች ሲገቡ የከርነሉ ድራይቨር እንዳይነሳ ብላክሊስት ያደርጉታል። ኢቲሲ/ሞድፕሮብ.ዲ ውስጥ ግባና 8821ሲዩ የሚል ስም ያለበት ፋይል ካለ ክፈተው፣ ብላክሊስት የሚል መስመር ካየህ ፋይሉን ወደ ሌላ ቦታ አንሳና ሪስታርት አድርግ። በኔ ግምት እዛው ላይ ያልቅልሃል።

ሌላ ቺፕ ያላችሁና ከርነሉ የማይደግፍላችሁ ደሞ በዲኬኤምኤስ ጫኑት፣ ሶርሱን ይዞ ይቀመጥና አዲስ ከርነል በመጣ ቁጥር ራሱ ይሰራዋል፣ የከርነል ሄደር ፓኬጅ መኖሩን ብቻ አረጋግጡ። ሴኩር ቡት የበራበት ማሽን ላይ ደሞ ሞጁሉ ካልተፈረመ ከርነሉ አይቀበለውም፣ ሲጫን ፓስወርድ አስገባ ብሎ ቀጥሎ ሪስታርት ላይ የሚመጣውን ሰማያዊ ስክሪን ዝም ብላችሁ አትለፉት፣ ኢንሮል የሚለውን ምረጡና ያንኑ ፓስወርድ ስጡት።

ጥያቄ፦ ማክ ነው የኔ፣ ማክኦኤስን አፕግሬድ ካረኩ በኋላ ጊትም ሜክም "የዴቨሎፐር ፓዙ ልክ አይደለም" ይሉኛል። ከባዶ ልጀምር? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ኖ ኖ፣ ተርሚናል ላይ ኤክስኮድ-ሰሌክት --ኢንስቶል በል፣ ኮማንድ ላይን ቱልሱን መልሶ ያወርድልሃል፣ ማክ በትልልቅ አፕግሬድ ጊዜ ይሄን ማድረጉ የታወቀ ነው። ከዛ ሆምብሩ (የማክ ፕሮግራም መጫኛ) ካለህ ብሩ አፕዴት፣ ብሩ አፕግሬድ። ከኢንቴል ማክ ወደ ኤም ቺፕ ዳታህን ገልብጠህ የመጣህ ከሆነ ግን የድሮው ሆምብሩ ዩኤስአር/ሎካል ውስጥ ቀርቶ ይሆናል፣ አዲሱ ቦታው ኦፕት/ሆምብሩ ነው፣ ሁለቱ አንድ ላይ ካሉ አንዱ ባንዱ እየገባ ያምታታሃል፣ የጫንካቸውን ዝርዝር በብሩ ሊስት አውጥተህ ያዝና የድሮውን አንሳው።