ኪንድልዎ ገጽ እየዘለለ ካስቸገረዎ

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከፍኖተ ሰላም ነው። ኪንድሌ (የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያዬ) ከበጋው ወዲህ ስነካው ገጽ አይገልጥም፣ ሳልነካው ደግሞ ሦስት አራት ገጽ ይዘላል። ጥገና ቤት «ስክሪኑ ሞቷል» አሉኝ። ላስቀይረው?

መልስ፦ አይቸኩሉ። መጀመሪያ ስክሪኑን በእንጨት እርሳስ ጀርባ ይንኩት። ገጽ ከገለጠ ታቹ (ንክኪ የሚለየው ክፍል) የሚሠራው በኢንፍራሬድ ነው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው «ኪንድል ታች» የተባለው ሞዴል እንዲህ ነው። ስክሪኑ ከፍሬሙ ዝቅ ብሎ ስለተቀመጠ ጠርዙን ጥፍርዎ ያገኘዋል። ከጠርዝ ወደ ጠርዝ የማይታይ ጨረር ያልፋል፤ ጣት ጨረሩን ሲጋርደው ነው መሣሪያው የተነካውን ቦታ የሚለየው። ጠርዙ ሥር የተጠራቀመ አቧራም ጨረሩን ስለሚጋርድ እንደ ጣት ይቆጠራል። ዳሳሾቹ ያሉት ደግሞ ዙሪያውን ፍሬሙ ሥር ስለሆነ፣ ስክሪኑን ብቻ ቢያስቀይሩ ገንዘብዎ ይወጣል እንጂ ችግሩ አይለቅዎትም።

አጥፍተው ፊቱን ወደ ታች ይድፉት፤ አራቱንም ጠርዝ በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉ። አዲስ የልጅ ጥርስ ብሩሽ ይበቃል። ጥጉ ላይ ተጣብቆ የቀረውን በታጠፈ ወረቀት ጫፍ ያውጡት። ውሃ አያስነኩት። ጎሚስታ ቤት ወስደውም በኮምፕሬሰር አያስነፉት፤ አየሩ እርጥበት አለው፣ አቧራውንም ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ 40 ሰከንድ ተጭነው ይያዙና ሪስታርት ያድርጉት።

ለእርሳሱ መልስ ካልሰጠ ግን ታቹ የሚሠራው በጣት ብቻ ነው፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው «ፔፐርዋይት» የተባለው የኪንድል ሞዴል እንዲህ ነው። እዚህ ላይ የሚጠረጠሩት ላብ፣ እርጥብ እጅ፣ ወፍራም ስቲከር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ርካሽ ቻርጀር ናቸው። ኤሌክትሪኩን አጣርቶ የማይሰጥ ቻርጀር ያልተነካውን ስክሪን የተነካ ያስመስለዋል። ነቅለው ለአሥር ደቂቃ ያንብቡ፤ መዝለሉን ካቆመ የሚቀየረው ቻርጀሩ ነው።

ሌላም አለ። የኢ-ኢንክ (የኤሌክትሮኒክ ቀለም) ስክሪን፣ ማለትም የኪንድል ስክሪን፣ ገጽ የሚቀይረው ፈሳሽ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ቀለሞችን እያንቀሳቀሰ ስለሆነ፣ ብርድ ሲሆን ይዘገያል። የጮቄ ተራራን ማለዳ የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል። ስካን የተደረገ ፒዲኤፍም እንዲሁ ያዘገየዋል። ዘገየ ብለው ደጋግመው ሲነኩት ንክኪዎቹ ይጠራቀሙና በአንድ ጊዜ ሦስት ገጽ ይዘልልዎታል። አንዴ ነክተው ይጠብቁ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አንድ መስመር ብቻ ከዳር እስከ ዳር ጭራሽ አልሰማ ካለ፣ ያኔ ዳሳሹ ተበላሽቷልና ለጥገና ይስጡት።