ከአሜሪካ ካሜራ ለምታስመጣው ወንድሜ፦ ከሞዴሉ በፊት መብራቱን አስብ

ወንድሜ፣ አክስትህ ከዋሽንግተን ልትመጣ ስለሆነ ለዘጋቢ ፊልም ሥራህ ሶኒ ኤፍኤክስ3 ታምጣልህ ወይስ ብላክማጂክ 6ኬ፣ የቱ ይሻላል ብለህ ጠይቀሃል። እስካሁን የመለሱልህ ሁሉ የተከራከሩት ስለ ሌንስና ስለ ዋጋ ነው። እኔን ገንዘቤንም ስሜንም ያስከፈለኝን ነገር አንድም ሰው አላነሣውም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

አንደኛ፣ የሞዴሉን ጉዳይ ባጭሩ ልጨርሰው። ብቻህን የምትሠራና መብራት ተሸክመህ የማትዞር ከሆነ ኤፍኤክስ3 ይምጣልህ። በኤስሎግ3 (ቀለሙ ኤዲቲንግ ላይ እንዲስተካከል ምስሉን አፍዝዞ በሚይዘው የሶኒ ሎግ አቀራረጽ) ስትቀርጽ ሁለት መነሻ አይኤስኦ፣ ማለትም ለብርሃን ያለው ንቃት፣ አለው፦ 800 እና 12800፤ ሁለተኛው በጧፍ ብርሃን እንኳ ያሠራሃል። ብላክማጂኩ ጥሬ ምስል፣ ማለትም ካሜራው ገና ያላቀናበረውን፣ ይሰጥሃል፣ ቀለሙም ያምራል። ነገር ግን በ6ኬ፣ በሰከንድ በ25 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ 8 ለ 1 በተጨመቀው አማራጭ እንኳ በሰዓት 360 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። መጠባበቂያ ቅጂውንም ጨምረህ የሀርድ ዲስኩን ወጪ አስላ።

ሁለተኛ፣ ኤስሎግ3ን በ8 ቢት እንዳትቀርጽ። 8 ቢት ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ነው ያለው፤ 10 ቢት 1024 አለው። ሎግ የሆነውን ምስል ኤዲቲንግ ላይ ስትዘረጋው በ8 ቢት የተቀረጸ ሰማይ እንደ ደረጃ ተከፋፍሎ ይታያል። በ4ኬ፣ በ25 ፍሬም፣ ኤክስኤቪሲ ኤስ-አይ በሚባለው የሶኒ ፋይል ዓይነት ቅረጽ። ይህ በሰከንድ 250 ሜጋቢት ነው፤ ለ8 ስታካፍለው 31 ሜጋባይት ያልፋል። ቪ30 የተባለው ካርድ ዋስትና የሚሰጠው በሰከንድ ለ30 ሜጋባይት የመጻፍ ፍጥነት ስለሆነ አይበቃህም፤ ቪ60 ወይም ቪ90 ግዛ። ካርዱ ላይ በትልቁ የተጻፈው 300 የሚለው ቁጥር የማንበብ ፍጥነት ነውና አያታልልህ።

ሦስተኛው ግን ዋናው ነው፤ እኔ የተቃጠልኩትም እዚህ ላይ ነው።

የኔም ካሜራ የመጣው ከአሜሪካ ነበር። ካርቶኑን ከፍቼ ቀንና ሰዓት ብቻ አስተካክዬ ወደ ጎንደር ሄድኩ። ካሜራው ከፋብሪካ ሲወጣ ለአሜሪካ እንደተሞላ ነበር፦ ኤንቲኤስሲ (የአሜሪካው የቪዲዮ ሥርዓት)፣ በሰከንድ 29.97 ፍሬም፣ ሸተሩ (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚሰበስብበት ጊዜ) 1/60 ሰከንድ። ምኑም አላሳሰበኝም። ወሩ ሐምሌ ነበር፣ ዝናቡ አላባራ አለ። በግንበኝነት ያረጁ አንድ አባት ነበሩ፤ ውጭ ከድንጋዩ አጠገብ ላስቀምጣቸው ያሰብኩትን ዝናቡ ሲከለክለኝ በአንድ አዳራሽ ውስጥ፣ ረጃጅም የፍሎረሰንት መብራቶች ሥር አስቀመጥኳቸው። አርባ ደቂቃ አወሩኝ። ከአባታቸው ጋር ኖራ ሲያቦኩ ስላደጉበት ጊዜ ሲነግሩኝ፣ በአውራ ጣታቸው በአየር ላይ የሌለ ድንጋይ ጠርዝ ይዳብሱ ነበር። እንደዚያ ያለ ቃለ መጠይቅ ከዚያ በፊት ቀርጬ አላውቅም።

በካሜራው ትንሽ ስክሪን ላይ ምንም አልታየኝም። አዲስ አበባ ተመልሼ በትልቁ ስክሪን ስከፍተው፣ ከጀርባቸው ባለው ነጭ ግድግዳ ላይ ጥላ የመሰለ ሰፊ መስመር ሽቅብ ቁልቁል ይንሸራተታል። በፊታቸው ላይ ሲያልፍ ግንባራቸው ይጠቁርና ይመለሳል። አርባውም ደቂቃ እንደዚያው ነው።

ምክንያቱን ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። የኛ አገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ የአሜሪካው 60። በ50 ኸርዝ የሚሠራ እንዲህ ያለ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይፈዛል። ሸተርህ 1/50 ከሆነ እያንዳንዱ ፍሬም ሁለት ሙሉ ድምቀት ይይዛል፤ ስለዚህ ሁሉም እኩል ይሆናል። 1/60 ከሆነ ግን የሚይዘው አንድ ተኩልና ትንሽ ነው፣ ይኸውም ከፍሬም ፍሬም ይለያያል። ጥሬ ምስል ብቀርጽስ እንዳትለኝ። ጥሬ ምስል የቀለም ሙቀትንና አይኤስኦን በኋላ እንድታስተካክል ይፈቅድልሃል፤ ሸተሩ ያልሰበሰበውን ብርሃን ግን ከየትም አያመጣልህም። ማስተካከያ ሶፍትዌር ሞክሬ መስመሩን አደበዘዘው እንጂ አላጠፋውም፣ የሽማግሌውንም ቆዳ ሰም አስመሰለው።

እንዲያም ሆኖ ፊልሙን ጨርሼ ወደ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ወሰድኩ። ጣቢያው የሚቀበለው 25 ፍሬም ነው። ከ29.97 ወደ 25 ስቀይረው በየሰከንዱ አምስት ያህል ፍሬም ስለሚጣል ካሜራው ዞር ባለ ቁጥር ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ጥራት የሚመረምረው ሰው ቀና ብሎ ሳያየኝ ሀርድ ዲስኩን በጠረጴዛው ላይ ገፋልኝና "አይሆንም" አለኝ። ለምን ስለው "ካሜራ መያዝማ ማንም ይይዛል" ብሎ መለሰልኝ። ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። በሦስተኛው ቀን አንዲት ጸሐፊ አዝና የቴክኒክ መስፈርቱን ሰጠችኝ፤ አንድ ገጽ ወረቀት ነው! ያችን ገጽ በመጀመሪያው ቀን ቢሰጡኝ ምን ይጎድልባቸው ነበር? አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል።

ተበድሬ እንደገና ጎንደር ሄድኩ። አባታችን በደስታ ተቀበሉኝ። ያንኑ ጥያቄ ስጠይቃቸው ግን "ልጄ፣ ይህንን ባለፈው ጊዜ ነግሬህ አልነበረም?" አሉና በአሥር ደቂቃ ጨረሱት። እጃቸውን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ ነው ያወሩት። ፊልሙ የተላለፈው በዚያ በሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ያቀረብኩት ሥራ አንድም ጊዜ በቴክኒክ ምክንያት አልተመለሰብኝም፤ ያው ሰውየም ዛሬ በስሜ ይጠራኛል።

ስለዚህ ካሜራው እጅህ ሲገባ ገና ሌንስ ሳትገጥም ምናሌው ውስጥ ገብተህ ከኤንቲኤስሲ ወደ ፓል፣ ወደ 50 ኸርዙ አገሮች ሥርዓት፣ ቀይረው። ካርዱን እንደገና ፎርማት አድርግ ሊልህ ይችላል፤ ውስጡ ያለውን አስቀድመህ ገልብጥ። ከዚያ 25 ፍሬም፣ ሸተር 1/50። ለሲኒማ በ24 እቀርጻለሁ ካልክም ሸተሩ 1/50 ይሁን፤ ሸተሩን በዲግሪ በሚለካ ካሜራ 172.8 ማለት ነው። እንቅስቃሴ ማዘግየት ስትፈልግ በ100 ፍሬም ቅረጽ፣ በ120 አይደለም፤ በ120 ሸተሩ ከ1/120 ሊረዝም ስለማይችል በኛ መብራት ሥር ማምለጫ የለህም። መብራት ጠፍቶ ትንሽ ጀነሬተር ሲነሣ ደግሞ ኸርዙ ከ50 ከፍ ዝቅ ስለሚል 1/50ም ላያድንህ ይችላል፤ እኔ በባትሪ የሚሠራ አንድ የኤልኢዲ መብራት ከቦርሳዬ አይለይም። ዱባይ ለሥራ ብትሄድ እንደኛው 50 ነው፣ ሪያድ ግን 60 ነውና እዚያ ሸተሩን ወደ 1/60 መልሰው።

ቀረጻ ከመጀመርህ በፊት ካሜራውን ወደ ነጭ ግድግዳ አዙረህ ግማሽ ደቂቃ ቅረጽና በላፕቶፕ አስፍተህ እየው። እኔ አሁን በየቦታው እንደዚያ አደርጋለሁ፤ ሰዎቹ ይጠብቁኛል።

ያች አንድ ገጽ ወረቀት አሁንም አለችኝ። የምትፈልግ ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፍልኝና ፎቶ አንሥቼ እልክልሃለሁ።