ስለ ኢየሩሳሌም የዐረብኛ ግጥም፦ ከየትኛው ልጀምር ላልከው

ሰላም ወንድሜ። ስለ ኢየሩሳሌም ከተጻፉት ዘመናዊ የዐረብኛ ግጥሞች የትኛውን ላስቀድም ብለሃል። እኔ የማስቀድመው የፍልስጤማዊውን ገጣሚ ታሚም አል-ባርጉቲን «ፊል-ቁድስ» (በኢየሩሳሌም) ነው። በ2007 አቡዳቢ በተካሄደው የቴሌቪዥን የግጥም ውድድር ላይ አንብቦት ነው ዝናው የገነነው።

አጀማመሩ የድሮ ነው። እንደ ጥንቶቹ የዐረብ ገጣሚዎች ወደ ወዳጁ ቤት ይሄዳል፤ ግን የጠላት ሕግና አጥር ይመልሱታል። ከዚያ በኋላ ግጥሙን ቤት መምታቱን ላላ አድርጎ ገበያ ውስጥ ይዞህ ይገባል። ሚስቱ የሰለቸችው የጆርጂያ አትክልት ሻጭ አለ፤ ለፖላንድ ልጆች ኦሪት የሚያስተምር ከማንሃታን የመጣ ጎልማሳ አለ። ቀጥሎ ደግሞ፣ ልብ በል፣ የገበያውን መንገድ የሚዘጋ «ከሐበሾች» የሆነ ፖሊስ! አንድ ስንኝ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ ሳነበው ግን እዚያው ቀረሁ። ወደ ኋላ ላይ በከተማዋ ያለፉትን ሕዝቦች ሁሉ ይዘረዝራል። የመጽሐፉ ኅዳግ ነበሩ፣ ዋናው ጽሑፍ ሆኑ ይላል። ለእኔ ከቁጣው ይልቅ ይሄ ይበልጣል።

ከእሱ ቀጥሎ ሌላውን ፍልስጤማዊ ገጣሚ ማሕሙድ ዳርዊሽን አንብብ፤ የእሱም ግጥም ርእስ ያው ነው። በአሮጌው ቅጥር ውስጥ ከዘመን ወደ ዘመን ሲራመድ ቆይቶ መጨረሻ ላይ አንዲት ወታደር «አልገደልኩህም እንዴ?» ትለዋለች። መልሱን አልነግርህም። የሶርያዊው ገጣሚ የኒዛር ቀባኒ ግጥም እንባ ይበዛዋል፤ ግን እሑድ ጠዋት ደወሉን ማን ይደውላል ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ ያምራል።

ዐረብኛው ቢከብድህም በመጀመሪያ የታሚምን በድምፅ ስማው።